ቦቢ ሲሚንቶ ላይ አይደር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ውሻ መኝታ የሚጠይቁ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። እኛ አገር ውሻ ሌሊቱን ሙሉ የሰው በር ይጠብቃል፤ የራሱን መኝታ ግን ራሱ ፈልጎ ነው የሚያድረው። ይህን የሚያስብ ሰው ሲበዛ ማየት ያስደስታል። ክረምቱም ደጃፍ ላይ ስለደረሰ፣ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮተቤ ነው። ከእናቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ቦቢ የሚባል የሐበሻ ውሻ አለን፤ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚተኛው በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ነው። ክርኑ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደርቋል። ባለፈው ክረምት ብርድ ልብስ አነጠፍኩለት፤ በሦስተኛው ቀን ረጥቦ ሸተተ። መግዣ የለኝም። እቤት ያለው መሀሉ የሰመጠ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት የተቀደደ ጂንስ፣ አሮጌ ሹራቦችና ባዶ ማዳበሪያ ነው። ከዚህ ምን ይወጣል?»

የኔ ልጅ፣ ከዚህ ጥሩ መኝታ ይወጣል። ምንም አትገዢም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ላስተካክልልሽ።

ብርድ ልብሱ ለምን እንደሸተተ ልንገርሽ፤ በእኔም ደርሷል። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የዛሬ አራት ዓመት ሰኔ ላይ ፍራሽ ሰፋሁለት። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁና ስፌቱ አላስቸገረኝም። ወፍራም ስፖንጅ፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩ በድርብ ክር የተመታ። በረንዳው ላይ፣ ዝናብ የማይነካው ጥግ አነጠፍኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎት ተኛበት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ስወጣ ግን ፍራሹን ትቶ በሩ ሥር፣ የእግር መጥረጊያው ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ፍራሹን በእጄ ዳሰስኩት፤ ላዩ ደረቅ ነው። ገለበጥኩት። ሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ይዟል። ስጨምቀው በጣቶቼ መሀል ውኃ ወረደ።

ዝናብ አንዲት ጠብታ አልነካውም። ውኃው የመጣው ከሥር ነው። ሲሚንቶ ከመሬት እርጥበት ይስባል። በዚያ ላይ የውሻው ሙቀትና ላብ መሰል እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆናል፤ ልክ የድስት ክዳን ውስጡ እንደሚያልበው። መሄጃ ስለሌለው ስፖንጁ ይጠጣዋል። ያንቺም ብርድ ልብስ የሆነው ይኸው ነው። መቻል እኔ ከማወቄ በፊት አውቆት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦቢን ከመሬት እናንሳው። ልስላሴው በኋላ ይመጣል።

ኮተቤ ግንባታ አይጠፋም። ለአርማታ ማቀፊያ ያገለገለ አሮጌ ጣውላ ጠይቂ፤ ለማገዶ የሚሰጡት ዓይነት ይበቃል። ሁለት ብሎኬት ደግሞ እዚያው ታገኛለሽ። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩን ብሎኬት በጎኑ አጋድሚው፤ ያ ከፍታ በቂ ነው። ጣውላዎቹን ከላይ ደርድሪና በሁለት አግዳሚ አያይዣቸው። በመሀላቸው የትንሿ ጣትሽን ያህል ክፍተት ተዪ። አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። ሚስማሩን ሁሉ ከነቀልሽ በኋላ አሮጌ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር አሻሺው። የቀረ ሚስማር ወይም ስንጥር ካለ ካልሲውን ይይዘዋል። የቁም ሳጥን በር ካገኘሽ አትጓጊለት። ብዙው ቺፑድ ነው፤ ውኃ ሲነካው አብጦ ይፈርሳል።

አሁን ልክ እንውሰድ። ቦቢን ቆሞ አትለኪው። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ ጠብቂና ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር በገመድ ለኪ። በዚያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። መቻል 80 ወጣ፤ የሠራሁለት 100 በ70 ነው። ብዙ ሰው ውሻ ተጠቅልሎ ሲያድር ስለሚያይ ጠባብ አድርጎ ይሠራል። ተጠቅልሎ የሚተኛው ስለበረደው ነው። ሲሞቀው ይዘረጋል፤ ቦታው ያን ጊዜ ያንሰዋል።

ፍራሽሽ መሀሉ ነው የሰመጠው ብለሻል። ራስጌውና ግርጌው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከዚያ በዳቦ ቢላ ቁረጪ፤ መቀስ ስፖንጅ ያሸራርፋል። የቆረጥሽውን ጣውላው ላይ አድርጊና ክርንሽን ጥለሽ በሙሉ ክብደትሽ ተደገፊበት። ጣውላው ክርንሽን ከቆረቆረሽ ቦቢንም ይቆረቁረዋል። ያን ጊዜ ደርቢው። የሰመጠውን መሀል ደግሞ እንቁላል እንቁላል አሳክለሽ ቆራርጠሽ አስቀምጪ፤ ሥራ አለው።

ማዳበሪያውን ለስፖንጁ የውስጥ ልብስ እናደርገዋለን። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እኛ ከረጢቱን ሁሉ «ማዳበሪያ» ብለን እንጠራዋለን፤ ጤፍም ይያዝበት ስኳር። እውነተኛ የእርሻ ማዳበሪያ የተያዘበትን ግን ተዪው። ታጥቦም ቅሪቱ በስፌቱ ውስጥ ይቀራል፤ ውሻ ደግሞ የተኛበትን ይልሳል። የጤፍ ወይም የዱቄት የነበረውን አራግፈሽ እጠቢው። ዳሩን ሁለቴ አጥፈሽ በወስፌና በሲባጎ ስፊው። የማዳበሪያ ክር አንዴ መተርተር ከጀመረ አይቆምም፤ ውሻ ያንን ክር ከዋጠው አንጀቱን ሊቋጥርበት ይችላል። ስለዚህ ዳሩ እንዳይታይ አድርገሽ ዝጊው።

የላዩ ልብስ ጂንስ ይሁን። የአራቱን እግሮች የውስጥ ስፌት ፍቺና ጎን ለጎን ግጠሚያቸው። ለሥሩ አሮጌ አንሶላ ወይም መጋረጃ ይበቃል። ዚፕ የለ፣ ቁልፍ የለ። እንደ ትራስ ልብስ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርቦ ይዘጋ። ከቻልሽ ሁለት አድርገሽ ስፊ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። ክረምት ላይ ጂንስ በአንድ ቀን አይደርቅም።

ሹራቦቹን አትቁረጫቸው። እጅጌያቸው ውስጥ ያን የቆራረጥሽውን ስፖንጅ ሙዪና ሁለቱን ጫፍ ስፊ። የሹራብ እጅጌ ራሱ የተዘጋጀ ቱቦ ነው። በሦስቱ ጎን ዙሪያውን ስትሰፊያቸው ግድግዳ ይሆናሉ፤ የፊቱን ክፍት ተዪው። ውሻ አገጩን የሚያሳርፍበት ነገር ይወዳል። ነፋሱንም ይቆርጥለታል። ቁልፍና ዚፕ ካለው አስቀድመሽ አውልቂ። ፌስታል ግን በምንም ምክንያት አትሙዪበት። የሚንሿሿ ነገር ይቀደዳል፤ የተቀደደ ፌስታል ይዋጣል።

ቦታውን በተመለከተ፣ የበረንዳው ደረቅ ጥግ ብቻ አይበቃም። ቦቢ የግቢውን በር የሚያይበት መሆን አለበት። ዘብ የለመደ ውሻ በሩ ከተጋረደበት የፈለገ ቢመች አይተኛበትም። ለአከራያችሁም ቀን ቀን ፍራሹ ግድግዳ ላይ ተደግፎ እንደሚውል፣ በረንዳውም እንደሚጠረግ ንገሪያቸው። እንዲህ ሲሆን ሥሩም ይናፈሳል፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም።

የመጀመሪያውን ሌሊት አታስገድጂው። ያ የሸተተው ብርድ ልብስ ካለ ከመታጠቡ በፊት ቁራጭ ቀደሽ ከላይ ጣል አድርጊለት፤ የራሱን ሽታ ሲያገኝ ይደፍራል። መቻል አዲሱን መኝታ ያየ ቀን መጀመሪያ አልፎት ሄደ። ተመለሰና የፊት እግሩን ብቻ አወጣ። ጥጉን ቧጠጠ። ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ እንደ ወደቀ ሰው ዘጭ ብሎ ተጋደመና ረጅም ትንፋሽ በአፍንጫው አወጣ። ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ዕድሜውን ሙሉ ያላረፈ ሰው ድምፅ ነበር።

ስለ ክርኑ ደግሞ ላስረዳሽ። ውሻ ክርኑ ላይ ሥጋ የለውም። አጥንቱ ከቆዳው ሥር ነው ያለው። ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ቆዳው ራሱን ለመከላከል ይደነድናል። የመቻልን በጣቴ ስነካው እንደ አሮጌ ጎማ ሻካራ ነበር፤ ግራጫ ሆኖ መሀሉ ተሰነጣጥቋል። ለስላሳ መኝታ ካገኘ በኋላ ስንጥቁ ገጠመ፤ ድንዳኔው ግን ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም። አይጠፋም ብለሽ አትደንግጪ። የቦቢ ክርን ውኃ እንደያዘ ኳስ ካበጠ፣ ወይም ከደማ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። በመርፌ ወግቼ ላፍስስ የሚል ሰው ካለ ግን አታስነኪ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ለውሻዬ ከሶፋ ትራስ ጥሩ ፍራሽ ሠራሁለት። እሱ ግን እየጎተተ አውጥቶ ይጥለውና ከማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ይተኛል። ጎረቤቴ የመኪና ጎማ ቀለም ቀብቶ ለውሻው አልጋ አድርጎለታል። ጎማ ይሻለኝ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ውሻዎ ምስጋና ቢስ ሆኖ አይደለም። ሞቆት ነው። አፈር ጥቂት ሲቆፈር ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሻ ሆዱን እዚያ ላይ ለጥፎ ሙቀቱን ያስወጣል። የሶፋ ትራስ ግን ሙቀቱን መልሶ ለራሱ ይሰጠዋል። ለደጋ የሚሆነው መኝታ ለአዳማ አይሆንም።

ለእርስዎ የሚስማማው እኛ ልጆች ሆነን የተኛንበት የጠፍር አልጋ ነው። አራት እግርና ክፈፍ፣ መሀሉ የተወጠረ። ከሥሩ አየር ያልፋል፣ ከላይም ክብደቱን ይችላል። የተሰበረ የሕፃን አልጋ፣ መቀመጫው የተቀደደ የብረት ወንበር፣ የአሮጌ ጠረጴዛ እግር፣ ማንኛውም ጠንካራ ክፈፍ ይሆናል። ጠፍር ከሌለ ወፍራም የናይለን ገመድ አጥብቀው እየጎነጎኑ ይወጥሩበት። መጀመሪያ በቁመቱ፣ ከዚያ በወርዱ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ። የውሻው መዳፍ እንዳይገባ ገመዶቹ ይጠጋጉ። በማግስቱ ይረግባል፤ እንደገና ይወጥሩት። ከማንጎው ሥር፣ ጉድጓዱ አጠገብ ያድርጉት። ቦታውን እሱ መርጦልዎታል።

ጎማው ለዓይን ያምራል። ግን ወርዱን ይለኩት። 13 ቁጥር የሚባለው የትንሽ መኪና ጎማ የመሀል ቀዳዳው 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለቡችላና ለትንሽ ውሻ ይሆናል፤ ለሐበሻ ውሻ ይጠበዋል። ደግሞ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ዝናብ ሲመጣ በውስጡ ውኃ ያቁርና ወባ ትንኝ ይራባበታል። አዳማ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለጎረቤትዎ ከሥሩ በኩል ዙሪያውን ቀዳዳ እንዲያወጣለት ይንገሩት። ሽቦው ብቅ ያለ ጎማ ከሆነ ደግሞ ይጣል።

«እህቴ፣ ጉለሌ ነው ያለሁት። የውሻችን መኝታ ቁንጫ ሞላው፤ ልጆቼንም እየነከሰ ነው። ባለቤቴ ማላታይን ረጨበት። ከዚያ ወዲህ ውሻው ምራቁን ያዝረከርካል። ምን ላድርግ?»

ይህን ደብዳቤ እንዳነበብኩ በስልክ ደውዬ መልሻለሁ። ሌላ ሰው ስለሚጠቅም ግን እዚህም እጽፈዋለሁ።

ማላታይን የእርሻና የጎተራ መርዝ ነው። ውሻ መኝታው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፣ ፀጉሩን ይልሳል፤ መርዙ በቆዳውም በአፉም ይገባል። ምራቅ ማዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ ትንፋሽ ማጠር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ነገ ዛሬ አይባልም። ጓንት አጥልቆ ውሻውን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ በቶሎ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ነው። የተረጨውን ዕቃ ስምም ይዘሽ ሂጂ። መኝታው ይጣል፤ አጥቤ አተርፈዋለሁ አትበይ። የልብስ ናፍታሊንም ለውሻ መርዝ ነው፤ ፍራሽ ውስጥ አይገባም።

ቁንጫው በአብዛኛው ያለው ውሻው ላይ አይደለም። እንቁላሉ ከፀጉሩ ይረግፍና መኝታው ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉም ራሱ በሚሠራው ሽፋን ውስጥ ሆኖ ወራት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ታጥቦ ጠፋ ሲሉት የሚመለሰው። አዲሱን መኝታ ከላይ ለኮተቤዋ ልጅ እንደነገርኳት ልብሱ የሚወልቅ አድርጊው። በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ዘፍዝፊ፣ ፀሐይ ላይ አስጪ፣ ጣውላውን ገልብጠሽ ሥሩን ጥረጊ፣ ጥራጊውን አቃጥዪ። ሳታቋርጪ ለወራት ቀጥዪበት። ለውሻው የሚሰጠውን መድኃኒት ደግሞ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ይዘዝለት፤ ለበግ የተገዛ ማጥመቂያ ለውሻ አይሆንም።

እናቴ በገጠር ውሻው የሚተኛበት ላይ አመድ ትነሰንስ ነበር። ደረቅ አመድ ነበር፤ ቦታውም ደረቅ ነበር። እርጥብ አመድ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ በክረምት አልመክርሽም።

«እትዬ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ተማሪ ነኝ። ውሻችን ደጅ ነው የሚያድረው። ባዶ የፕላስቲክ በርሜል አለን፤ ቤት ልሠራለት አስቤያለሁ። ውስጡን የአባቴን አሮጌ ጋቢ ላነጥፍለት ስል እናቴ ነውር ነው ብላ ተቆጣች። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ጋቢው ተቀዷል፤ ማንም አይለብሰውም። ማን ትክክል ነው?»

ልጄ፣ እግዜር ያጽናችሁ። በርሜሉ ጥሩ ሐሳብ ነው። የብረት ቢሆን ውስጡ ያልበው ነበር፤ የፕላስቲኩ ይሻላል። መጀመሪያ ምን ተይዞበት እንደነበር እናትህን ጠይቅ። ዘይት ወይም ውኃ ከሆነ እጠበው። ኬሚካል ከነበረበት ይቅርብህ።

አጋድመውና በድንጋይ ደግፈው፤ እንዳይንከባለል። አፉ ትንሽ ወደ ታች ያዘንብል፤ የገባ ዝናብ ተመልሶ ይወጣል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አትክፈተው፤ ውሻው ጎንበስ ብሎ የሚገባበትን ያህል ብቻ ቁረጥ። የተቆረጠውን ዳር በድንጋይ አለስልሰው። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አንተ ታውቃለህ፤ አፉን ጀርባ ስጠው። ውሻ ጠባብ ቤት የሚያሞቀው በራሱ ገላ ነው። ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ ይበተንበታል።

ውስጡን የስንዴ ጭድ ሙላው። እስከ ግማሽ ድረስ ሙላ፤ እሱ ራሱ እየቆፈረ ጎጆ ያበጅለታል። የስንዴ አገዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል። የጤፍ ጭድ ይለሰልሳል፤ ግን ቶሎ ይታመቃል፣ አቧራውም ብዙ ነው። የገብስ ጭድ አትጠቀም። ጺሙ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይወጣም። በየሁለት ሳምንቱ እጅህን እስከ ክርንህ አስገብተህ ሥሩን ዳብስ። እርጥበት ከተሰማህ አውጥተህ ለወጠው።

አሁን ወደ ጋቢው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ አራት እጥፍ ጥጥ። ውኃ ከጠጣ በዚያ አገር ብርድ ቀናት ይፈጅበታል። ዝናብ የመታው ውሻ ገብቶ ሲተኛበት ይረጥባል፤ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ገላውን ከማሞቅ ይልቅ ይመጥጠዋል። ጭድ ግን ውኃውን ወደ ታች ያሳልፋል። ስለዚህ ውሻውን የሚጠቅመው ጭዱ ነው። እናትህ ይህን ባያስረዱህም የተቆጡት ትክክል ነው። አባትህ ለብሰውት የተቀመጡበትን፣ ምናልባትም አንተን ያቀፉበትን ጋቢ በርሜል ውስጥ ማየት አልቻሉም። ተቀዶም ቢሆን ለእሳቸው ልብስ ነው።

ጋቢውን በእጅህ፣ ለብ ባለ ውኃ እጠበው። ፀሐይ ሲወጣ አስጣው። የተቀደደውን እናትህ ሲፈልጉ ይጥቀሙታል፤ አንተ አጥፈህ ስጣቸው። ከዚያ ጭድ ፍለጋ ሂድ።